17 ቁጥር

መጀመሪያ ጥፋቱን የጣልኩት በዝናቡ ላይ ነበር። እሁድ ከሰዓት ዝናብ ወረደ። የጨዋታው ኮሚሽነር የዳኛውን ሪፖርት ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ሮጠ። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጠው ወረቀቱ ርሶ ተጣብቋል፣ ሰማያዊው ቀለም ፈሷል። የተጫዋቾቹ ስም ያለበት በኩል የሚነበብ አልሆነም። የማልያ ቁጥሩ ግን ይታያል። ቢጫ ካርድ፣ 11 ቁጥር። መዘገብኩና ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ።

ያኔ በአንድ ከተማ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የውድድር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የከተማዋን ስም ይለፈኝ። ለሰው "ፌዴሬሽን ነው የምሠራው" ስል ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ "ታዲያ ብሔራዊ ቡድኑን ለምንድን ነው የማታስተካክሉት?" ነው። የእኔ ፌዴሬሽን ግን ሁለት ጠረጴዛ፣ በሩ በግድ የሚዘጋ አንድ ቁም ሳጥንና የቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ) ፎቶ የታጨቀባቸው ካርቶኖች ነበሩ። ተጫዋች እናስመዘግባለን። ዕድሜና ዝውውር እናጣራለን። ዳኛና ኮሚሽነር እንመድባለን። ካርድ እንቆጥራለን። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በሳምንቱ ጨዋታ የማይሰለፉ ቅጣተኞችን ዝርዝር በደብዳቤ ለክለቦች እንልካለን። እዚያ ደብዳቤ ላይ ክብ ማኅተም ያርፍበታል። ይህን ማኅተም ልብ በሉልኝ።

በእኛ ደንብ ሦስት ቢጫ ያየ ተጫዋች አንድ ጨዋታ ይቀጣል። በዚያ ሐሙስ ደብዳቤ ላይ 11 ቁጥር አልነበረም፣ ገና የመጀመሪያው ካርዱ ነውና። 17 ቁጥርም አልነበረም። እሁድ ዕለት ክለባቸው 17 ቁጥርን አሰለፈ። 2 ለ 1 አሸነፉ፤ አንዷን ጎል ያገባው ራሱ ነው። የፊሽካው ድምፅ ሳይበርድ የተጋጣሚው ቡድን መሪ የማስያዣ ብሩን ይዞ ኮሚሽነሩ ዘንድ ደረሰ። ክስ አስያዘ። "17 ቁጥር ቅጣት ላይ ነው።" ሰውዬው ያለፈውን ሳምንት ጨዋታ ተመልካች ሆኖ አይቷል፣ ካርዱንም ቆጥሯል። እሁድ ጠዋት ግን ትንፍሽ አላለም። ብልጠት ነው፤ ደንቡም አይከለክልም።

ሰኞ የደረቀውን ሪፖርት ከፋይሉ አውጥቼ መስኮቱ ጋ ያዝኩት። ሁለተኛው ቁጥር አናቱ ላይ ትንሽ ወደ ግራ የወጣች ጭረት አለችው። ሰባት ነው። ዳኛው ሰባትን የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ ሌሎቹን ሪፖርቶቹን አውጥቼ አስተያየሁ። ሁሉም ላይ ያች ጭረት አለች። እግሬ ከዳኝ።

እዚያ ቢሮ የተቀጠርኩ ቀን ኃላፊዬ የነገሩኝ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. የነበረ ኢትዮጵያዊ አይረሳውም። ዋልያዎቹ ካምቦሎጆ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረቱ። ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፣ በርናርድ ፓርከር ደግሞ በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረ። የምድቡ መሪነት ተረጋገጠ፣ ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ጥሎ ማለፍ ብቻ ቀረ ተባለ። አዲስ አበባ ጥሩምባ ብቻ ሆነች። በዚያው ቀን ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ተጫዋቹ ምንያህል ተሾመ ቀደም ሲል ከደቡብ አፍሪካና ከቦትስዋና ጋር በተደረጉ ሁለት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ አይቶ ነበር፤ በፊፋ ደንብ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም። ተሰለፈ። ያን ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፈን ነበር። በፎርፌ 3 ለ 0 ተሸናፊ ተባልን፣ 6,000 የስዊስ ፍራንክም ተቀጣን። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ደግነቱ ጳጉሜን ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን እንደገና ምድቡን በበላይነት ጨረስን፤ በጥሎ ማለፉ ናይጄሪያ አስቀረችን እንጂ።

ኃላፊዬ ታሪኩን ጨርሰው "ልጁ ምን አጠፋ? ግባ ሲሉት ገባ። መቁጠር የነበረበት ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው" አሉኝ። እኔም እንደ አዲስ ሠራተኛ በትጋት ራሴን ነቀነቅሁ።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደቡብ አፍሪካ ከሴራሊዮን 0 ለ 0 ወጥታ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍኩ ብላ ሜዳ ላይ ጨፍራለች። ያለፈችው ኒጀር ነበረች። ነጥብ እኩል ሲሆን እርስ በርስ የተገናኙበት ውጤት እንደሚቀድም ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ በጎል ልዩነት ነው ብለው አስበው ነበር። አንድ አገር ሙሉ የጨፈረው ደንቡን አገላብጦ ያነበበ ሰው በመጥፋቱ ነው። ፊፋም ሆነ የአፍሪካው ካፍ የሚያውቁት ፌዴሬሽኑን ነው። እሱ ሲሳሳት የሚቀጣው ማልያው ነው። በ2000 ዓ.ም. ክረምት በአመራር ውዝግብ ፊፋ ፌዴሬሽናችንን ሲያግድ ከ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የወጡት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ውዝግቡ ውስጥ አንዳቸውም አልነበሩበትም።

ወደ እኔ ጉድ ልመለስ።

ማክሰኞ የክለቡ ቡድን መሪ መጡ። ስልሳውን የተሻገሩ፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ቢሮ የማይገቡ ሰው ናቸው። እጃቸው ላይ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ የተማሪ ደብተር አለ። ተነስቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ደብተሩን ገልጠው ፊቴ ዘረጉት። በእርሳስ፣ በተራ የተሰመረ። የተጫዋች ስም፣ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ደቂቃ። 17 ቁጥር ጋ ሦስት ጭረት አለ። ሦስተኛዋ ያች የዝናብ እሁድ ናት።

"ጋሼ፣ ያውቁ ነበር ማለት ነው?" አልኳቸው።

"ጽፌዋለሁ እኮ። ሐሙስ ደብዳቤያችሁ መጣ። የልጁ ስም የለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ አሳለፍኩት።" ትንሽ ዝም አሉና "ማኅተም ያለበት ወረቀት እያለ የእኔን ደብተር ማን ይሰማዋል ልጄ?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ኃላፊዬ ደንቡን ገልጠው አሳዩኝ። የተጫዋቾቹን ካርድ የመከታተል ግዴታ የክለቡ ነው፤ የእኛ ደብዳቤ ማስታወሻ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም ይላል። እውነት ነው፣ ይላል። ደንቡን አልጠላሁትም። ክለብ ሁሉ "ደብዳቤ አልደረሰኝም" እያለ ቅጣተኛ ቢያሰልፍ ውድድር የሚባል ነገር አይኖርም። ግን ማኅተማችንን ሰጥተን ስናበቃ "አትመኑት" ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው? ማታ ቤት ገብቼ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሪፖርቱም ይኸው አልኩ። ረቡዕ ጠዋት ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አስገባሁ። ኃላፊዬ አነበቡት። "ይህን መጻፍ አልነበረብህም" አሉና ራሳቸው መዝገብ ቤት ወስደው ገቢ አስደረጉልኝ። እኝህን ሰው እስከ ዛሬ አልተረዳኋቸውም።

ኮሚቴው ፎርፌውን አጸና። 3 ለ 0። ለክለቡ የቀረለት የገንዘብ ቅጣቱ ብቻ ነው፤ ለእኔ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ይግባኝም ጠይቀው አልሆነም። ዓመቱን ሲጨርሱ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ለማለፍ ሁለት ነጥብ ጎደላቸው። 17 ቁጥር መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። ምን እንዳደረግኩ የነገረው የለም መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ሪፖርት በቁጥር ብቻ መቀበል አቆምኩ። ስም ካልተነበበ ዳኛው ቢሮ ድረስ ይጠራል። ሐሙስ ደግሞ ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ለየቡድን መሪው ስልክ እደውላለሁ። ስም በስም አነብላቸዋለሁ። አንዳንዱ ሹፌር ሆኖ መንገድ ላይ ነው፣ "እሺ እሺ" ብሎ ይዘጋዋል። ጋሼ ግን "ቆይ መነጽሬን" ይላሉ። የደብተሩ ቅጠል ሲገለጥ በስልኩ ይሰማኛል። እኔ እጠራለሁ፣ እሳቸው "አለኝ" ይላሉ።

በቀጣዩ ዓመት አንድ ሐሙስ ዝርዝሩን ጨርሼ ልዘጋ ስል "አንዱን ዘለልከው" አሉኝ። ሪፖርቶቹን ገለጥኩ። ልክ ናቸው፣ ሦስተኛው ቢጫ ሁለተኛው ገጽ ጀርባ ላይ ነበር። የራሳቸው ግራ ተከላካይ ነው፤ እሁድ የሚጋጠሙት ከመሪው ቡድን ጋር ነው።

"ጋሼ..." አልኩ።

"ጻፈው" አሉ።