የ30 ሜትር ገመድ

ዛሬ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ኮየ ፈጬ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ጀርባ 30 ሜትር ገመድ ዘርግቼ በሁለቱ ጫፍ ድንጋይ አስቀመጥኩ። የእማዬ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያውን አድርጌ ሰዓቱን አስነሣሁ። የ6 ደቂቃ የእርምጃ ምርመራ ይህ ነው፦ ሕመምተኛው እንደ አቅሙ ይመላለሳል፣ ሲደክመው ይቆማል፣ መጨረሻ ላይ የተራመደው ሜትር ይቆጠራል። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ለስንቱ ለክቻለሁ፤ ለእናቴ ስለካ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል።

ስድስተኛውን ጊዜ ድንጋዩን ስትዞር ቆመች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። «እፍ በዪ እማዬ፣ ቀስ ብለሽ» አልኳት። ከንፈርን አሹሎ ቀስ እያሉ መተንፈስ የአየር ቧንቧዎቹ ያለጊዜያቸው እንዳይዘጉ ይረዳል። ለሌሎች ታካሚዎች ይህን ደጋግሜ አሳያለሁ። እሷን ማስተማር አላስፈለገኝም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ በሞላው ማድ ቤት እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል እፍ እያለች እንጀራ የጋገረች ናት። ሳንባዋን ያቃጠለው ምድጃ ላይ የለመደችው እፍ ማለት ዛሬ ትንፋሽ ሲመልስላት ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

276 ሜትር። በጥቅምት 240 ነበር። 30 ሜትር ያህል ጭማሪ ለሕመምተኛው ትርጉም ያለው ለውጥ ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ ግን ለውጡን ቀድሜ ያየሁት ደረጃው ላይ ነው፤ አራተኛ ፎቅ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ትቀመጥ የነበረች ሴት አሁን አንዴ ብቻ ታርፋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሐኪም «ይረፉ» ብሏት፣ ውኃ መቅዳቱን እንኳ ነጥቀናት ነበር። ስትቀመጥ እግሯ ሰለለ። የሰለለ እግር ለጥቂት እርምጃ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ደግሞ መልሳ ትቀመጣለች። ይህን ሳላስተውል መቆየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሼ በር ላይ ሆነው ሲያዩን ቆዩና «እኔንስ አትለኪኝም ልጄ?» አሉ። የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው። የደም ግፊታቸውን እጥበቱ በማይደረግበት ክንዳቸው ለካሁ፤ ደህና ነው። ጣሊያን ውስጥ 296 የእጥበት ታካሚዎች ስለተሳተፉበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ስለታተመው ጥናት ነገርኳቸው። ለስድስት ወር እቤታቸው እርምጃ የተለማመዱት በአማካይ ከ328 ወደ 367 ሜትር ደረሱ፤ ያልተለማመዱት ከነበሩበት ብዙም አልተነቃነቁም።

«እነሱም እንደኔ እጥበት ላይ ሆነው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

የጣሊያን ቁጥር ለእኛ እንዳለ አይሆንም። እኛ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ በሳሳበት ደጋ እንኖራለን፤ የብዙዎቻችንን ሳንባ የጎዳው ሲጋራ ሳይሆን የማገዶ ጭስና የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ነው። እዚሁ፣ በራሳችን ሰው ላይ መለካትና መመዝገብ አለብን። ደብተሬን ለዚህ ከፍቻለሁ፤ ከእማዬ ሥር የጋሼን 312 ሜትር ጻፍኩ።

ገመዱን ጠቅልዬ ድንጋዮቹን ላነሣ ጎንበስ ስል፣ ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ «ተያቸው፣ ነገም እመጣለሁ» አሉኝ።