የሠራው ሰውዬ ምን አንብቦ ነው?

«ደሴ ቁጭ ብለህ ይሄን ሁሉ ፋንታሲ ከየት ነው የምታመጣው?» የሚሉኝ በዝተዋል፤ ፋንታሲ የሚሉት አስማትና ጭራቅ ያለበትን የምናብ ዓለም ታሪክና ጌም ነው። እውነት ነው፣ ጌም ቤቱ ከኳስ ሌላ አያስጫውትም። ኢንተርኔት ላይ ያሉት «ምርጥ 10» ዝርዝሮችም ተገላብጠው ያው ናቸው። እኔ ዝርዝር ማሳደድ ከተውኩ ቆየሁ። አንድ ነገር ስወድ የሠራውን ሰውዬ እይዝና እሱ ራሱ ምን ወዶ እንዳደገ እፈልጋለሁ፣ በቃ።

ዳርክ ሶልስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጌም ነው፣ ፒያሳ በሚሠራ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ነው የተዋወቅኩት። ፍርስራሽ ቤተ መንግሥት፣ ሰው የሚያክል ሰይፍ፣ በየደቂቃው መሞት። ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ በርሰርክ የሚባለውን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) እንደሚወድ በቃለ መጠይቆቹ ተናግሯል። በርሰርክን ስከፍተው ያ ሰይፍ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ! ኬንታሮ ሚዩራ በ1989 ጀምሮት በ2021 ሳይጨርሰው ሞተ፤ አሁን ታሪኩን ከአንደበቱ የሰማው የትምህርት ቤት ጓደኛው ኮጂ ሞሪ ከሚዩራ ረዳቶች ጋር ሆኖ እያስቀጠለው ነው። ሚዩራስ ከየት አመጣው? እሱ ደግሞ የካኦሩ ኩሪሞቶን ጉዊን ሳጋ ይጠራል። በ1979 የተጀመረ፣ ከ100 ቅጽ በላይ የሄደ ልብ ወለድ ነው፣ ጀግናው የነብር ራስ ያለው። በእንግሊዝኛ የወጡት ግን የመጀመሪያዎቹ 5 ቅጾች ብቻ ናቸው፣ ያናድዳል። ያም ሆኖ ከአንድ ጌም ተነስቼ ማንጋም ልብ ወለድም አገኘሁ፣ ማንም ሳይጠቁመኝ።

እንግሊዝኛዬ አይበቃም ለምትሉ፣ ሚያዛኪም በልጅነቱ ያልገባውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሥዕሉን እያየ በምናቡ ይሞላው ነበር። ማንጋን ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብም ቢሆን አያስፈራ። ሐይቅ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስልኬን ተቀብላ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ኧረ አያ፣ ይሄማ እንደ ኪታብ ነው'ኮ!» አለችኝ። መድረሳ የቀራች ልጅ ናት፣ እኔ ስደናበር እሷ ምዕራፉን ጨርሳዋለች።

ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው ደግሞ ማንጋ ታይሾ የሚባለው የጃፓን ሽልማት አሪፍ ነው። ከመራጮቹ ብዙዎቹ የመጽሐፍ መደብር ሠራተኞች ናቸው፣ የሚወዳደረውም ከ8 ቅጽ ያልበለጠ ሥራ ነው። ስለዚህ ገና ብዙ ሳይረዝም ትይዙታላችሁ። የ2021 አሸናፊው ፍሪረን ነበር፤ የአጋንንቱ ንጉሥ ከተሸነፈ በኋላ የሚጀምር፣ ጓደኞቿ ሲያረጁ እሷ የማታረጅ ጠንቋይ ታሪክ። ሌላው ማንጋ ፕላስ ነው። የጃፓኑ አሳታሚ ሹዌሻ በ2019 ያወጣው አፕ ሲሆን የብዙዎቹን ማንጋዎች የመጀመሪያና በቅርብ የወጡ ሦስት ሦስት ምዕራፎች በነጻ ያስነብባል። ሦስት ምዕራፍ አንብቤ ካልያዘኝ እተወዋለሁ፣ «በኋላ ያምራል» ቢሉኝም አልሰማም።

ላፕቶፓችሁ እንደኔው አሮጌ ከሆነ ባትል ፎር ዌስኖዝን ጫኑ። ከ2003 ጀምሮ በነጻ ያለ ተራ በተራ የሚጫወቱት ፋንታሲ ነው፣ አንዴ ዋይፋይ ያለበት ካወረዳችሁት ኔት አይፈልግም። ተጫዋቾች ራሳቸው የጻፏቸው ዘመቻዎች ስላሉት ቶሎ አያልቅም።

አሁን የያዝኩት ሚያዛኪ የሚጠራቸውን የፋይቲንግ ፋንታሲ መጽሐፎች ነው። የመጀመሪያው በ1982 ነው የወጣው፣ አንባቢው መንገዱን እየመረጠ፣ ዳይስ እየጣለ የሚዋጋበት። ዳይሱን ከቤት ሉዶ ላይ ወስጃለሁ፣ ታናናሾቼ ገና አልነቁም።