ውኃ የማያስገባው ዘር

ጅማ፣ የካቲት

የዛሬው ቀን በዘር ሥራ አለቀ። ለቡናው ጥላ የሚሆኑት ችግኞች ለሐምሌ እንዲደርሱ ሰሳውና ግራሩ ከአሁኑ ፕላስቲክ ውስጥ መግባት አለባቸው። ከአጋሮ በኩል የተላከልኝ የሰሳ ዘር ጣሳ ውስጥ ከርሟል። ትናንት ማታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ሳየው ከፊሉ አብጧል። ሌላው ግን ልክ እንደገባ ነው፤ ጠንካራ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውኃ ያልነካው የሚመስል።

እኔ ከምንም ነገር በፊት ይህችን ነው የማደርገው። ብዙ ሰው የዛፍ ዘር እጁ ከገባ የሚታየው የፈላ ውኃ ብቻ ነው። የምን ዘር እንደሆነ እንኳ ሳያጣራ ይገለብጥበታል። በቀዝቃዛ ውኃ አድሮ ያበጠ ዘር ግን በሩ ክፍት ነው። የፈላ ውኃ ከደፋህበት ተቀቀለ፣ አለቀ። ስለዚህ ያበጠውን ለቅሜ ወዲያው ዘራሁት። የተንሳፈፈውን ጣልኩት፤ አብዛኛው ነቀዝ ውስጡን የጨረሰው ነው። ሕክምና የሚያስፈልገው እምቢ ብሎ የቀረው ብቻ ነው።

የሰሳ፣ የግራርና ለከብት መኖ የሚተከለው የሉኪኒያ ዛፍ ዘር ውስጡ ምንም አልሆነም። ችግሩ ሽፋኑ ላይ ነው። እዚያ ያሉት ሴሎች እንደ አጥር እንጨት ተጠጋግተው ስለቆሙ ውኃ አያሳልፉም። ዘሩ እየደረቀ በሄደ ቁጥር ይህ ነገር ይብሳል። ከዛፉ ሥር ትኩሱን የለቀሙት ሰሳ ያለ ምንም ጣጣ የሚበቅለው፣ የከረመው ደግሞ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ታዲያ ዘሩ ከቆባው ጋር ተያይዞበት ከነበረው ጠባሳ አጠገብ ደከም ያለች ነጥብ አለች። ሙቀት የሚከፍተው እሷን ነው። የፈላው ውኃ ሽፋኑን የሚያለሰልስ ይመስለናል እንጂ ዋናው ሥራው ያችን መግቢያ መክፈት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውኃውን አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፣ ከዚያ ዘሩን መጨመር። እሳት ላይ እንዳለ አይጨመርም። ውኃው ከዘሩ ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን፤ ካነሰ ቶሎ ይበርዳል። በዚያው እየቀዘቀዘ ይደር። በማግስቱ ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው ይደገማል።

የእህቴ ልጅ ግን ይህ ሁሉ አይጥማትም። እሷ ጥፍር መቁረጫ ይዛ ቁጭ ነው። «ጋሼ፣ የዚህኛው ጠባሳ የቱ ጋ ነው?» እያለች የዘሩን ሽፋን አንድ በአንድ ትቆርጣለች። ከጠባሳው ተቃራኒ ባለው ጫፍ ነው የሚቆረጠው፤ ሥሩ የሚወጣው በጠባሳው በኩል ስለሆነ እዚያ ከነኩት ጉዳት ነው። ለጥቂት ዘር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ለኩንታል ግን የማይታሰብ ነው። ላቦራቶሪ ያላቸው ሰዎች ሰልፈሪክ አሲድ ይጠቀማሉ፤ ጥሩ ይሠራል። ግን ልጅ የሚሯሯጥበት ግቢ እሱን አላስገባም። የባትሪ አሲድ ሞክር ያለኝ ሰው አለ። እሱ በውኃ የቀጠነ ነው፤ ለዘር የሚውለው ያልቀጠነው ነው። አደጋው ለእኔ፣ ጥቅሙ ለማንም።

ጎረቤታችን አባባ በአጥር በኩል ሲያዩን ቆይተው ሳቁ። «ለመሆኑ ይኼን ሁሉ ጫካ ማን ጥፍሩን እየቆረጠ አበቀለው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጫካውን እሳት፣ የቀን ሐሩርና የሌሊት ብርድ፣ የፍየል ሆድ እየከፈቱለት ነው የበቀለው። ያውም አንዱ ዘንድሮ፣ አንዱ ከዓመታት በኋላ። ለዛፉ ይህ ብልሃት ነው። ሁሉም ዘር በመጀመሪያው ዝናብ ቢበቅልና ዝናቡ ቢቋረጥ አንድም አይተርፍም ነበር። እኔ ደግሞ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ ሁሉም በአንድ ሳምንት በቅሎ፣ በእኩል ቁመት ሐምሌ ላይ እንዲደርስልኝ። ዛፉና እኔ አልተግባባንም።

ምን ያህል መጠበቅ እንደሚችል ካነሳን፣ የሰሳ ዘመድ የሆነ አንድ ዛፍ ታሪክ አለ። በ1793 እ.ኤ.አ. ከቻይና የተሰበሰበ ዘሩ ለንደን ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በ1940 ሙዚየሙ በቦምብ ተመቶ ሲቃጠል፣ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ ዘሩን አገኘው። በቀለ! ከ147 ዓመት በኋላ። መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውኃ፤ እኛ በድስት የምናደርገው ነው።

ሁሉም ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። ብርብራ ትኩሱን ከዘሩት ምንም አይፈልግም። የዋንዛ ፍሬ ያ የሚጣበቀው ሥጋው በደንብ ይታጠብለት እንጂ እሳት አያሻውም። ጥቁር እንጨት፣ እዚህ ብዙ ሰው ሆሚ የሚለው፣ ጭራሽ ሲከርም ይሞታል እንጂ አይተኛም። እሱን በጣሳ ማስቀመጥ ማባከን ነው።

የቀረኝ ወይራው ነው። የእሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ዘሩን የያዘው አጥንቱ ካልተሰነጠቀ በቶሎ አይበቅልም። በመዶሻ ሲመታ ዘሩ አብሮ ይደቃል። ሞርሳ፣ ያ ጋራዥ ውስጥ ብረት ጨብጦ የሚይዘው መሣሪያ፣ ቀስ እያለ ስለሚጨብጥ ይሻላል። ነገ ጋራዥ ያለውን ጓደኛዬን ለግማሽ ቀን እንዲያውሰኝ እጠይቀዋለሁ። ለወይራ ፍሬ ነው ስለው ምን እንደሚለኝ እንጃ።