ሮቦራሊን በቆርኪ ባጃጅ

ሮቦራሊ ሪቻርድ ጋርፊልድ የነደፈው፣ በፈረንጆች 1994 የወጣ የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ሮቦቱን እንዳሻው አያንቀሳቅስም፤ ከደረሱት 9 ካርታዎች 5ቱን መርጦ በተርታ ደፍቶ ያስቀምጣል። ሁሉም ሲጨርስ ካርታው አንድ በአንድ ይገለጣል፣ ሮቦቱም የታዘዘውን ብቻ ይፈጽማል፣ ትዕዛዙ ገደል ቢከተውም። ፕሮግራም መጻፍ ምን እንደሆነ ኮምፒውተር ሳይነኩ ለልጆች ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። እዚህ ድሬዳዋ ሮቦቶቹን በምን እንደተካሁና የት የት እንደተሳሳትኩ ልጻፍ።

ዳማ በቆርኪ ለተጫወተ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። የዳማ ቆርኪ ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፦ የማን እንደሆነና የት እንዳለ። የሮቦራሊ መጫወቻ ሦስተኛም አለበት፦ ፊቱ ወዴት እንደዞረ። ክብ ነገር ደግሞ ፊት የለውም። መጀመሪያ ቆርኪው ላይ በማርከር ቀስት ሳልኩ። አንዱ ሌላውን ሲገፋው ቆርኪው ጣት ስር ይሽከረከራል፤ ቀስቱ በሁለት አቅጣጫ መሃል ላይ ይቆምና ጨዋታው ወደ ክርክር ይለወጣል።

መፍትሔው ደጅ ላይ ነበር። ባጃጅ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ ነው ያለው፤ ከላይ ሲታይ ራሱ ቀስት ነው። ስለዚህ ከ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ መቀመጫ ቆረጥኩ፦ ስፋቱ 3.4 ሴ.ሜ፣ ርዝመቱ 3.8 ሴ.ሜ። ጎኖቹ ከኋላ ተነስተው እስከ 2.6 ሴ.ሜ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ይሰበሰቡና 1 ሴ.ሜ ስፋት ያለው አፍንጫ ላይ ያበቃሉ። ጎኖቹ ቀጥ ማለታቸውን አትናቁት፤ ከሰሌዳው መስመር ጋር ትይዩ ካልሆኑ መጣመማቸው ወዲያው ለዓይን ይታወቃል። ቆርኪውን ወደ ኋላ አስጠግቼ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። ጀርባው ላይ ከመሃል እስከ ፊት ጠርዝ ነጭ መስመር አሰመርኩ፣ ምክንያቱም ከኋላ የተቀመጠ ሰው አፍንጫው በቆርኪው ይጋረድበታል።

ቆርኪ ስትመርጡ መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ በጣት ንኩት። የሚንገጫገጭ ከሆነ መክፈቻው አጣሞታል ማለት ነው፤ በመዶሻ ቀስ ብሎ ካልተስተካከለ መጣል ነው።

ክብደቱ ሌላ ጣጣ ነው። በእኛ ሙቀት ፋን አይጠፋም፣ ባዶ ቆርኪ ደግሞ ቀላል ነው። ሻማ አቅልጬ ብሞላበት ፀሐይ የነካው ቦታ ለስልሶ ከመቀመጫው ለቀቀ። 13 ቁልፍ የሚይዘው ዳዶ ውስጡ ባስገባ ከቆርኪው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ስለሚል ቆርኪው መቀመጫው ላይ አልቀመጥ አለ። የሠራው ሮንዴላ ነው፦ የ8 ብሎን ሮንዴላ ሦስቱ ሲደረደሩ 5 ሚሊ ሜትር አይሞሉም፣ ውስጥ ገብተው ይደበቃሉ።

ሰሌዳው 12 በ12 ነው። የመጀመሪያውን በ4 ሴ.ሜ ካሬ ሠራሁት። 3.8 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው መጫወቻ በዚያ ውስጥ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይተርፈዋል፤ አንዱን ለማንሳት ጣት ሲገባ ጎረቤቱን ይነካል። ሁለተኛውን በ4.5 አደረግኩት። ስድስት ካሬ 27 ሴ.ሜ ይሆናል፣ የኤ3 ወረቀት አጭር ጎን 29.7 ስለሆነ ይበቃዋል። አራት ኤ3 አሳትሞ፣ ነጩን ጠርዝ ቆርጦ፣ ካርቶን ላይ በኮላ መለጠፍ ነው፤ ጠቅላላው 54 በ54 ሴ.ሜ ይመጣል። ኮላው ስስ ይሁን። ሲበዛ ወረቀቱ ያብጥና መጫወቻው ያነክሳል።

መጫወቻው መስራቱን የምፈትነው እንዲህ ነው። አራቱን በተርታ ካሬዎች ላይ አሰልፌ ከዳር ያለውን በጣት አንድ ካሬ እገፋለሁ። አንዱ እንኳ ፊቱን ካዞረ መቀመጫው ወይ ተጣሟል ወይ ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት አልለሰለሰም። ቀጥሎ ከጠረጴዛው አራት ጎን በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ ጨዋታውን ላላየ ሰው “ቀዩ ወዴት ነው የሚሄደው?” እላለሁ። ከአራቱ በአንዱ ከተጠራጠረ ነጩ መስመር ይወፍራል።

ወደ ካርታዎቹ ልለፍ። የድሮው እትም 84 የትዕዛዝ ካርታ አለው፤ ሁሉም የቅድሚያ ቁጥር አለባቸው፣ ትልቅ ቁጥር ያለው ቀድሞ ይሄዳል። ለአራት ሰው በግማሽ ከፈልኩትና 42 ሆነ፤ አንድ ፓኬት የመጫወቻ ካርታ 52 ስለሆነ 10 መጠባበቂያ ይተርፋል። ፊታቸው ላይ ነጭ ስቲከር ለጥፎ መጻፍ ነው። ከወረቀት ብቻ የተሠራ ካርታ ብርሃን ሲያርፍበት ስለሚያሳይ አልመክረውም። አከፋፈሌ ይኸው፦ ዙሮ መመለስ፣ ማለትም ባሉበት ፊትን ወደ ኋላ ማዞር፣ 3 (ከ10 እስከ 30)፤ ግራና ቀኝ ዙር ዘጠኝ ዘጠኝ፣ እየተፈራረቁ (ከ40 እስከ 210)፤ የኋላ ማርሽ 3 (ከ220 እስከ 240)፤ አንድ ወደፊት 9 (ከ250 እስከ 330)፤ ሁለት ወደፊት 6 (ከ340 እስከ 390)፤ ሦስት ወደፊት 3 (ከ400 እስከ 420)። አምስተኛ ተጫዋች አይገባም፤ 45 ካርታ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ቃል ነው። “ተመለስ” ብዬ የጻፍኩበትን ካርታ አንዱ ፊቱን አዙሮ ሌላው ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ ይሄድበታል፤ አማርኛው ሁለቱንም ይችላል። “የኋላ ማርሽ” ሲባል ግን የሚሳሳት የለም። “ግራ ዙር”ንም “ወደ ግራ ሂድ” አድርገው የሚያነቡ ብዙ ናቸው፣ ዞረው አንድ ካሬ ይጨምራሉ። እዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሱማሊኛ ስለሚገናኙ በመጨረሻ ቃሉን አውጥቼ ከላይ የታየ ባጃጅ ሳልኩ፤ ለመዞር ባጃጁ ዙሪያ የተጠማዘዘ ቀስት፣ ለመሄድ ከአፍንጫው የወጣ ቀጥ ያለ ቀስት። ግራና ቀኝ ለሚጠፋበት ልጅ ካርታውን ከባጃጁ ጎን፣ ፊቱን በባጃጁ ፊት ልክ አድርጎ መያዝ ይበቃዋል።

ደፍቶ የተቀመጠን ካርታ ፋን ይገለብጠዋል፣ ምስጢሩም ያልቃል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጣውላ ላይ 5 የልብስ መቆንጠጫ አጣብቄ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጠኋቸው። ሁለት ደርዘን ለአራት ሰው በቅቶ 4 ይተርፋል። በጨዋታው ሮቦቱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቁጠር ሽምብራ ሞክሬ ነበር፣ ይንከባለላል። በቆሎ ባለበት ይቀመጣል።

የሰሌዳውን ነገሮችም ወደ መንገድ ቀየርኳቸው። ሮቦቶቹ በተራ ለመድረስ የሚሽቀዳደሙባቸው ባንዲራዎች የከተማችን ቦታዎች፣ ባቡር ጣቢያ፣ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን ሆኑ፤ የቆመበትን ሮቦት ባለበት የሚያዞረው ጥርስ አደባባይ። ኮንቬየሩን፣ ማለትም የቆመበትን ሮቦት ይዞ የሚሄደውን መንገድ፣ ደቻቱ (ከተማውን የሚያቋርጠው ወንዝ) ላድርገው ብሎ ያሰበ ነበር። አላደረግኩትም፣ ማንም እንዲያደርገው አልፈልግም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል፣ ከተማው ውስጥ ዘመዱን ያጣ ሰው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደው የደንገጎ መንገድ ቁልቁለት አደረግኩት፣ ከነጥምዝምዙ። ደንቡን በደንብ ያዙ፦ ባጃጁ ጥምዝምዙ ላይ ፊቱ የሚዞረው ቁልቁለቱ ራሱ ሲያወርደው ብቻ ነው። በራሱ ካርታ ነድቶ ከገባ ወይም ተገፍቶ ከገባ ፊቱ እንደነበረ ይቆያል።

የሱቅ አሻንጉሊት ባጃጅ መጠቀምም ይቻላል፣ ልጆች ይወዱታል። ጎማዎቹን በሱፐር ግሉ ማሰር ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ጠረጴዛው ትንሽ ካዘነበለ ይሄዳል። ርዝመቱ 6 ሴ.ሜ ከሆነ ካሬው 7 ይሁን፤ ሰሌዳው ከጠረጴዛ እንዳይተርፍ 8 በ8 ይሆናል፣ 56 ሴ.ሜ። ያኔ ግን “ሦስት ወደፊት” ከሰሌዳው ሩብ መሆኑ ይቀርና ከሲሶው በላይ ይሮጣል፣ ገና በመጀመሪያው ዙር ባጃጆች ከዳር ይወድቃሉ። ለዚህ ሰሌዳ ሦስት ወደፊትን ወደ 1 ካርታ አውርጄ አንድ ወደፊትን 11 አደረግኩት፤ ቁጥሮቹም ከ250 እስከ 350፣ ከ360 እስከ 410፣ እና 420 ብቻውን ሆኑ።