ወፍ አለ

ሐዋሳ ላይ «ወፍ የለም» የሚል ሰው ወይ ዓይኑን አልገለጠም፣ ወይ ስለ ብር ነው የሚያወራው። እኛ አራት ጓደኛሞች የቴሌግራም ግሩፓችንን «ወፍ አለ» ያልነው ለዚህ ነው። አንዱ ባጃጅ ይነዳል። አንዷ ነርስ ናት። ሌላዋ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስንጀምር ስለ ወፍ የሚያውቅ አንድም ሰው በመካከላችን አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በአባ ኮዳ ነው፤ በዚያ ራሰ በራ ግዙፍ ወፍ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ሾርባ ልንጠጣ ሄደናል። አባ ኮዳዎቹ እንደ ልማዳቸው ትከሻቸውን ሰብስበው የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ስናያቸው ነው ያደግነው። ነርሷ ግን ድንገት «እግራቸው ለምንድነው ኖራ የተቀባ የሚመስለው?» አለች። ሁላችንም ዝም። ማታ አንብባ መልሱን ላከችልን፤ የገዛ ኩሳቸውን እግራቸው ላይ ይለቃሉ፣ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ያበርድላቸዋል። ሾርባ በጠጣንበት ቀን የሚነገር ወሬ አልነበረም። ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሾርባውን ትተን ለወፎቹ ብለን ሄድን። (ዋሸሁ፣ ሾርባውን አልተውነውም።)

ዕቃችን አንድ የተዋስነው ባይኖኩላር ነበር፤ ለአራት ሰው። በስልክ የምናነሳው ፎቶ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ይሆንብን ነበር። በኋላ የስልኩን ካሜራ ባይኖኩላሩ ዓይን ላይ ለጥፎ ማንሳት እንደሚቻል ደረስንበት። እጅ ካልተንቀጠቀጠ ይሠራል።

ትልቁ ችግራችን ግን ስም ነበር። በእኛ ቤት ከዶሮ የሚያንስ ሁሉ ወፍ ነው፣ የሚበልጥ ሁሉ አሞራ። ያ ደግሞ ጭቅጭቅ ያመጣል። አንድ ቀን ባለባጃጁ ከጥቁር ውሃ በኩል ፎቶ ላከ። ደረቅ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ወፍ ነው፤ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር። «ጭልፊት» ብሎ ጻፈ። እኔ «ጥንብ አንሳ ነው፣ ምን ነካህ» አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ አገኘንና «አባባ፣ ይሄ ምንድነው?» ብለን ስልኩን ሰጠናቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና ሳቁ። «የዚያ ልጅ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ ዛፍ ጫፍ ላይ ወዳለው ራሱ ነጭ ንስር እየጠቆሙ። ቤት ገብተን ስናጣራ እውነታቸውን ነው። የዓሣ ንስር ራሱና ደረቱ ጥርት ብሎ ነጭ እስኪሆን አምስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ቡናማና ዝንጉርጉር ነው። ጭልፊትም አይደለም፣ ጥንብ አንሳም አይደለም።

እኔ ተማሪዎቼን «መልሱን ብቻ አትጻፉ፣ አሠራሩን አሳዩ» እያልኩ የምነዘንዝ ሰው ነኝ። ግሩፑ ላይ ግን መልስ ብቻ ስጽፍ ከርሜአለሁ። ከዚያ ወዲህ ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ መጠኑን፦ ከድንቢጥ፣ ከእርግብ ወይስ ከቁራ ይበልጣል? ከዚያ ምንቃሩን፣ እግሩን፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር፣ ቦታውንና ሰዓቱን። በዚህ መንገድ ነው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ስናየው የኖርነውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ ወፍ በደንብ ያየነው። ከውሃው በላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ይቆምና ቁልቁል ይወረወራል። ወንዱ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር ቀበቶ አለው፣ ሴቷ አንድ። በቅጠል ላይ የሚራመደውን እግረ ረጅም ደግሞ ነርሷ ትወደዋለች። እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ስለሆነ ነው። ትዳር ሲነሳ ትጠቅሰዋለች።

ሰዓት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያየነውን ኢበርድ ላይም እንመዘግባለን፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ፣ የዓለም ወፍ ተመልካች ያየውን የሚያስገባበት የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ለአንድ ወር ያህል የወጣንበትን ሰዓት 12:30 እያልን ሞላን። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ማለታችን ነው። እነሱ ዘንድ ግን ቀትር ነው! ያወቀችብን እንግዳ ተቀባይዋ ናት፤ ሥራዋ ለፈረንጅ ሰዓት ሲያስረዱ መዋል ነው። አንድ በአንድ አረምነው። አሁን ግሩፑ ላይ በእኛ ሰዓት፣ እዚያ በእነሱ።

አንዱን ግን ማረም አልቻልኩም። ጭንቅላቱ መዶሻ የሚመስል ቡናማ ወፍ አለ። በእንጨት የሚሠራው ጎጆ ሰው የሚያስቀምጥ ይመስላል። አንዱን ከነዛፉ አንስቼ፣ ቦታውን ጠቅሼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ላይኩ ጎረፈ። በሳምንቱ ስንሄድ ዛፉ ሥር ልጆች ተሰብስበው ወፉ ብቅ እንዲልላቸው ድንጋይ ይወረውራሉ። ወፎቹን ከዚያ በኋላ እዚያ አላየናቸውም። ጓደኞቼ አልተቆጡኝም፣ ዝም ነው ያሉኝ፤ ያ ይብሳል። አሁን የጎጆ ቦታ ከአራታችን አይወጣም።

ባለፈው ማክሰኞ ባለባጃጁ እንዲህ ጻፈ፦ «መናኸሪያ አካባቢ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ከድንቢጥ ረዘም ይላል። ሆዱ ቢጫ። መሬት ላይ እየሮጠ ጅራቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ስም አልሰጠሁትም፣ ተሳፋሪ እየጮኸብኝ ነው።» ፎቶም አያይዟል። የባጃጁ መስታወትና የተሳፋሪው ክርን ይታያል።