ቴርሞስታቱን አታውጡት

የድሮ መርሴዲስ ያለው ሰው ሲደውልልኝ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ወይ ሚስ ያደርጋል፣ ማለትም ሲሊንደር እሳት እየሳተ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ ግን ባለቤቱ «በቃ፣ ሞተሩ አለቀለት» ይልና ደላላ መፈለግ ይጀምራል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው እንደቀደመ ነው። ከዚያ በፊት አንድም ዕቃ አይገዛም።

የማወራው ደብልዩ 124 ስለሚባለው የመርሴዲስ ሞዴል ነው። በተለይ ኤም 104 የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ስላለባቸው ኢ 280 እና ኢ 320፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ስለተሠሩት። ብሎኩ (የሞተሩ አካል) ብረት፣ ቴስታው (ከላይ የሚገጠመው ራሱ) አሉሚኒየም ነው። ጠንካራ ሞተር ነው፣ በዚህ አልደራደርም። ሙቀቱ ላይ ችላ ካሉት ግን ቴስታው ይጣመማል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ይበላል።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ በፈረንጆቹ 1994 በተሠራች ኢ 280 ከደብረ ማርቆስ ሲመለስ፣ ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ሲወጣ የሙቀቱ መርፌ 110 ዲግሪ ነካ። መንገድ ላይ ያገኘው መካኒክ ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ዕቃ፣ ፈቶ ጣለው። አገራችን ውስጥ የተለመደ መድኃኒት ነው፣ እኔም በጣም የምናደድበት ነገር ነው። አዲስ አበባ ሲገባ መርፌው ከ60 ብዙም አላለፈም፣ ደስ አለው። ሚስ ማድረግ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ቤንዚን ትጠጣለች፣ ጭሷ ይሸታል፣ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች።

ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ስንፈታ ስድስቱም ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ጠቁሮ ቢሆን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ወይም ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨውን) እጠረጥር ነበር። ሁሉም እኩል ከጠቆሩ ግን ችግሩ የጋራ ነው። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው 87 ዲግሪ ላይ ነው። እሱ ከሌለ ውሃው ገና ከጠዋቱ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይውላል። ኮምፒውተሩም «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። የተረፈው ቤንዚን ጥላሸት ይሆንና ካንዴላው እሳቱን በትክክል አይሰጥም። በዚያ ላይ የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ሁለት ሥራ ነው ያለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በራዲያተር ሳያልፍ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አቋራጭ ደግሞ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚቀዘቅዘው ሞተር፣ የሞቀው ውሃ በሙሉ ወደ ራዲያተር መሄድ ባለበት ዳገት ላይ እንደገና ሊሞቅ ይችላል።

ታዲያ መጀመሪያ ለምን ሞቀ? ሁለት ነገር አገኘን። አንዱ የማራገቢያው ቪስኮ ነው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ማራገቢያውን ይዞ የሚያዞረው ክላች። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያውን በእጅ ስታዞሩት ያዝ ማድረግ አለበት። የእሱ ግን ዝም ብሎ ይሽከረከር ነበር። በነገራችን ላይ ቆማ ወይም ቀስ ብላ ስትሄድ የምትሞቅ ከሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ ማራገቢያ ነው። በፍጥነት ስትሄድ የምትሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም ውሃው በደንብ አይዞርም።

ሁለተኛው የማቀዝቀዣ ውሃው መሙያ ክዳን ነው፣ ሰው የሚንቀው ክዳን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተሩ ጤነኛ ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 100 ነው። ማለትም ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው ውሃው ይፈላል ማለት ነው። ክዳኑ ላይ 140 የሚል ቁጥር ካለ 1.4 ባር ይይዛል ማለት ነው፣ ያን ያህል ከያዘ ውሃው 120 ዲግሪ ድረስም አይፈላም። ጎማው የደረቀ ክዳን ጅቡቲ ላይ ትንሽ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ እንጦጦ ላይ ግን አይሰጣችሁም። ውሃውም ቢሆን የቧንቧ ብቻ መሆን የለበትም። ብሎኩ ብረት ስለሆነ ይዝጋል፣ ዝገቱም ራዲያተሩን ይደፍናል። ግማሹ ኩላንት፣ ዝገት የሚከላከለው ፈሳሽ፣ ይሁን። ክዳኑን ደግሞ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቱት፣ አደራ።

ቴርሞስታት፣ ቪስኮ፣ ክዳንና ካንዴላ ተቀየሩ። መርፌው 85 አካባቢ ቆመ፣ ሚሱም ጠፋ።

ሁለቱ ችግሮች እኩል ከጀመሩ ግን የምፈራው ጓርኒሲዮኑን ነው። ጠዋት ሲነሳ አንዱ ሲሊንደር ይስታል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይስተካከላል፣ ኩላንቱ ደግሞ የት እንደሚገባ ሳይታወቅ ይጎድላል። ካንዴላዎቹን ፈታችሁ አስተያዩ። ውሃ የገባበት ሲሊንደር ካንዴላ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የነጣ ይመስላል። ሌላው ምልክት የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ነው። ሞተሩ በቀዝቃዛው እንደተነሳ ወዲያው ከደነደነ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የሚያረጋግጥ ፈሳሽም አለ፣ ጋዙ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታው ከወረደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ ሳይለካ እንዳይመለስ።

ሙቀቱ ደህና ሆኖ ሚስ ብቻ ካለ ሥራው ይቀላል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ። ሲነቀል ድምፁ ያልተለወጠው እሱ ነው የማይሠራው ሲሊንደር። የካንዴላ ገመድ ግን በእጅ እንዳትነቅሉ፣ ኤሌክትሪኩ ኃይለኛ ነው። በዚህ ሞተር አንድ ኮይል ለሁለት ሲሊንደር ስለሚሠራ ጥንድ ሆነው የሚስቱ ከሆነ ኮይሉን ከሌላው ጋር አቀያይሩት። ችግሩ አብሮት ከሄደ ተገኘ። ላቫጆ ሞተር ካሳጠባችሁ በኋላ የጀመረ ሚስ ከሆነ ደግሞ የካንዴላ ጉድጓዶቹን ክፈቱና አድርቁ፣ ዘይት ካለም የቴስታ ክዳኑ ጎማ ይቀየር።

ስልክ ላይ የሚሠራውን ርካሽ መመርመሪያ ይዛችሁ ብትመጡ የሚሰካበት የለም። እነዚህ መኪኖች ኦቢዲ 2 የሚባለው የጋራ የመመርመሪያ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የተሠሩ ናቸው፣ ሶኬታቸውም ኮፈኑ ስር ነው ያለው። ስለዚህ ዓይንና እጅ ያስፈልጋል፣ በተለይ ለገመዱ። በእነዚያ ዓመታት የተሠሩት የሞተር ገመዶች ልባሳቸው በሙቀት ይደርቃል። ኮይሉ አጠገብ ያለውን ገመድ ቀስ ብላችሁ እጠፉት። የታመመ ከሆነ ልባሱ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈርና መዳቡ ይታያል። መዳብ ከመዳብ ሲነካካ አንድ ቀን ኮይል፣ ሌላ ቀን ኢንጀክተር የተበላሸ ያስመስላል፣ ኮምፒውተሩን እስከማቃጠልም ይደርሳል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ ገመድ አትግዙ፣ የዚያው ዘመን ከሆነ በሽታውም ያው ነው። ሶኬቶቹን አትርፎ ገመዱን ሙቀት በሚችል አዲስ ሽቦ እንደገና የሚሠራ ጎበዝ ኤሌክትሪሻን ፈልጉ።