ጅማ ላይ ካያክ፣ ግቤ ላይ ቆሮሶ

የአክስቴ ልጅ ኑሮውን ጅማ ካደረገ ወዲህ «ነይ እንጂ» ማለቱን ትቶ አያውቅም። አንዴ ቡና ለቀማ ነው፤ አንዴ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳይሽ ነው። ዘንድሮ ግን ሌላ ሰበብ አመጣ። «ካያክ አለኝ፤ ነይና ዓሣ እናጥምድ» አለኝ። ካያክ በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ ናት። እኔ ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ ሲመጣ ነው። ዋናዬም የገንዳ ዳር ይዞ ከመንቦጫረቅ አያልፍም። ግን ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፤ ሥራም ቀለል ብሎኛል። ሄድኩ።

መንገዱን ለምታውቁት ብዙ አላወራም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወልቂጤ በኋላ ወደ ግቤ በረሃ ተጠማዝዞ መውረድ አለ፤ ድልድዩ ጋ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ከዚያ በአበልቲ በኩል እንደገና ሽቅብ ነው። ጅማ ስገባ መሽቶ ነበር። ራት በላን፤ ብርዝ ጠጣን። ስለ ዓሣ ማውራት ስጀምር «ነገ ዓሣ የለም» ብሎ አስቆመኝ።

እውነትም በማግስቱ ዓሣ የለም። ውሃም የለም። ትምህርቱ የተጀመረው ግቢው ውስጥ፣ ሣሩ ላይ ነው።

ካያኳ ቢጫ ፕላስቲክ ናት። ርዝመቷ ሦስት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ወርዷ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ካያክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እግርን ወደ ውስጥ ሰድደው እንደ ሱሪ የሚገቡበት ነው። ሌላው ከላይ የሚቀመጡበት ነው። ለጀማሪ ዓሣ አጥማጅ ሁለተኛው ይሻላል። ወለሉ ላይ ወደ ታች የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አሉት፤ የገባው ውሃ በራሱ ይወርዳል። ቢገለበጥም አይሞላም፤ ከውሃ ውስጥ ሆኖ መልሶ መውጣትም ይቻላል። ሰፋ ያለው ቀስ ይላል፤ ግን አይንገዳገድም። ፍጥነት የሚፈልግ ቀጭን ይግዛ፤ ዓሣ የሚፈልግ ሰፊ ይግዛ።

ነገሩን ከሥሩ ካያችሁት አዲስ ጉድ አይደለም። ካያክን የሠሩት የሰሜን ዋልታ ሰዎች፣ ኢኑይቶች፣ ናቸው። የባሕር እንስሳ ቆዳ በእንጨትና በአጥንት ላይ ወጥረው፣ ለአደን ነው የሠሯት። የጣናን የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ሐሳቡ አይጠፋውም፤ አንድ ሰው፣ አንድ መቅዘፊያ፣ የዕለት ጉርስ።

«ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እግሬን መርገጫው ላይ አደረግኩ። ጉልበቴን በትንሹ እንዳጥፍ ነገረኝ፤ ቀጥ ካለ ወገብ ይደክማል። መቅዘፊያውን አናቴ ላይ አስደርጎ ክርኖቼ ልክ እንደ በር ማዕዘን እስኪሆኑ እጆቼን አራራቀ። «መያዣሽ ይሄ ነው፤ አትርሺው» አለኝ። ጎድጎድ ያለው የመቅዘፊያው ፊት ወደ እኔ ነው የሚዞረው። ይህን አገላብጦ የሚይዝ ሰው ሞልቷል አለ።

ከዚያ በሣሩ ላይ ቀዘፍኩ። የሰፈር ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱ «ጋሼ፣ ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» አለ። የአክስቴ ልጅ ሚስት ቡናውን እያቀረበች በሳቅ ፈነዳች። እሱ ግን ቀልድ አያውቅም። «በክንድሽ አትቅዘፊ፤ ወገብሽን አዙሪ» ይለኛል። ክንድ ብቻውን ቶሎ ይዝላል። ወገብ ሲዞር ጀርባና ሆድ አብረው ይሠራሉ፤ ሰው ሳይደክመው ረጅም ሰዓት ይቆያል። እውነቱን ለመናገር ይህን ያመንኩት ውሃ ላይ ስደርስ ነው።

«የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉስ?» አልኩት።

«ዘንጉ ቆይ። መጀመሪያ ትወድቂያለሽ።»

የት እንደምወድቅ አስቦበታል። ግቤ ላይ አይደለም። የሚያውቀው ሰው በሚሠራበት ሆቴል የዋና ገንዳ አለ። እንግዳ ሳይመጣ በጠዋት እንድንገባ ተፈቀደልን፤ ካያኳ ከአፈርና ከቅባት ጸድታ ትምጣ የሚል ቅድመ ሁኔታ አለበት። ስናጥባት አመሸን። ገንዳ የመረጠው ለድሎት ብሎ አይደለም። በቆመ የሐይቅና የግድብ ውሃ ዳር፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት፣ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ አለ። መውደቅን ደጋግሞ የሚማር ሰው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይማር። ይህን ምክር ከሁሉ በላይ ወድጄዋለሁ።

ላይፍ ጃኬቱን አጠበቀልኝ። ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሳበው፤ አገጬ ጋ ከደረሰ ልል ነው ማለት ነው። አልደረሰም። «አሁን ወደ ጎን ተጋደሚ» አለኝ። ሰው በፈቃዱ መውደቅ እንዴት እንደሚከብደው የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። ወገቤ እምቢ አለ። ሁለቱ አስተናጋጆች ሥራቸውን ትተው ቆመዋል። በመጨረሻ ጆሮዬ ውስጥ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጃኬቱ መልሶ ብቅ አደረገኝ። ካያኳ ሆዷን ሰጥታ ተንሳፋለች። መቅዘፊያው በእጄ ነው። እሱን መልቀቅ ክልክል ነው፤ ለዚያም በገመድ ታስሯል።

ቀጥሎ ያለው ሥርዓት አለው። ወደ መሐሏ ትዋኛላችሁ። በሆዷ ላይ ተሻግራችሁ የወዲያኛውን ጠርዝ ትይዛላችሁ። በጉልበታችሁ የወዲህኛውን ገፋ እያደረጋችሁ ወደ ራሳችሁ ትስባላችሁ። ጧ ብላ ትመለሳለች። ራሳችሁን ግን ከመንገዷ አርቁ።

መውጣቱ ነው ጉዱ። እኔ እንደ ግድግዳ ልወጣባት ሞከርኩ፤ ተመልሳ ላዬ ላይ ተገለበጠች። የአክስቴ ልጅ ከዳር ሆኖ «ሆድ፣ መቀመጫ፣ እግር!» ይላል። ሚስጥሩ እግርን ከኋላ ማንሳፈፍ ነው። በአግድም ከተንሳፈፋችሁ በኋላ እግራችሁን እያወራጫችሁ ደረታችሁን በካያኳ ላይ አሻግራችሁ በሆዳችሁ ትተኛላችሁ። ከዚያ ተገላብጣችሁ መቀመጫችሁ ወንበሩ ላይ ያርፋል። እግር መጨረሻ ነው። መቸኮል የለም። አንዴ ከገባኝ በኋላ ደግሜ ደጋግሜ ወደቅኩ፤ አስተናጋጆቹም ማጨብጨብ ሰለቻቸው።

ለጀማሪ የምለው ካለ ይኸው ነው። ዘንግ ከመያዛችሁ በፊት ውደቁ። መውደቅ ያልለመደ ሰው ካያክ ላይ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ የሚገለብጠውም ያ ድርቀት ነው። የለመደ ሰው ወገቡ ይላላል፤ ካያኳ ስትወዛወዝ ከታች ትወዛወዛለች፣ ራሱ ግን ባለበት ይቆያል።

ወደ ግቤ የሄድነው በማግስቱ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ካያኮቹ ፒክአፑ ላይ ታስረዋል፤ አንዷን ከጓደኛው ተውሷል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሰርቦን አልፎ፣ ወደ አሰንዳቦ ነው። የምናጠምደው የግልገል ግቤ ቁጥር 1 ግድብ ባቆመው ሐይቅ ላይ ነው። ግድቡ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። እዚህ ተርባይን የመታው ውሃ ወደ ቁጥር 2 ይሄዳል፤ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ እንደገና መብራት ይሆናል። ከዚያ ኦሞ፣ ከዚያ ቱርካና። አንድን ውሃ እንዲህ የሚያሠራ አገር የኛ ብቻ ይመስለኛል፤ ባይሆንም ልኩራ።

ውሃው ጥርት ያለ እንዳይመስላችሁ። ከየእርሻው የሚታጠበው አፈር ስለሚገባበት ቡናማ ነው። ዳር ላይ የሰመጡ ግንዶች አናታቸውን ብቅ አድርገዋል። ጉም አለ። አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ መረባቸውን ከእንጨት ጀልባቸው ላይ ያራግፋሉ። የአክስቴ ልጅ ካያኮቹን ሳያወርድ ቀጥታ ወደ እሳቸው ሄደ። ሰላምታው ረዘም ያለ ነው፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ። ከዚያ ነው ጥያቄው የመጣው፤ ነፋሱ ከየት ይነሳል? ጉማሬስ?

«በዚያ በኩል አትሂዱ» አሉ፤ በእጃቸው ሣር የበዛበትን ጥግ እያሳዩ። «ጠዋት ከግጦሽ ሲመለስ መንገዱ ላይ ከቆማችሁ አይወድም።» ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እሱን እንደ ላም እንዳታዪው» አሉ። አላየሁም። በዚያ በኩል ዘወር ብዬም አልተመለከትኩም። ጅማ ከተማ ጥግ፣ ቦዬ ረግረግ ውስጥም ጉማሬ አለ፤ የአካባቢው ሰው በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለውም። ካያክ ይዛችሁ አዲስ ውሃ ላይ ከደረሳችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ እዚያ የሚውለውን ሰው መጠየቅ ይሁን። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ጉማሬ አያሳይም።

ነፋሱን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው። ስትሄዱ ከነፋሱ ጋር ተጋፍጣችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ እሱ ይገፋችኋል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርጋል፤ ሲሄድ እየተንሸራተተ ይደሰታል፣ ሲመለስ ክንዱ ዝሎ ዳሩ አልደርስ ይለዋል። ጠዋት ውሃው ይረጋል፤ ቀትር ላይ ማዕበል ቢጤ ይጀምራል። ስለዚህ ከአምስት ሰዓት በፊት መውጣት ተስማማን። ፊሽካ አንገቴ ላይ ነው። ስልኬ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ። ፒንሳው፣ ቢላዋው፣ ሁሉ ነገር በገመድ ታስሯል። ያልታሰረ ነገር የውሃው ነው።

በመጨረሻ ዘንጉ መጣ። አጠር ያለ፣ ቀላል። መንጠቆው ትንሽ ነው፤ የምንፈልገው ዓሣ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አፉ ትልቅ አይደለም። ማጥመጃችን የመሬት ትል ነው፤ ማታ ከግቢው ቆፍረን በአፈር በቆርቆሮ ይዘናል። መልህቅ አልያዝንም። ጀማሪ መልህቅ አይያዝ ይላል የአክስቴ ልጅ፤ መልህቅ ከጎን ከታሰረ ነፋስ ሲመጣ ካያኳን ወደ ጎን ስቦ ይደፋታል። ከታሰረም ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ ነው፤ ቢላዋም ቅርብ መሆን አለበት። እኛ ዝም ብለን ተንሳፈፍን። ነፋሱ ቀስ እያለ በሰመጡት ግንዶች ዳር ወሰደን።

ዓሣው ግንዱን ይወዳል። መንጠቆም ግንዱን ይወዳል። ሲይዝባችሁ ወደ ጎን አትጎትቱ፤ ክሩ ሲለቅ በተጎተተበት በኩል ትወድቃላችሁ። ወይ ቀዝፎ ወደ ሌላኛው ጎን መዞር ነው፤ ወይ ክሩን መቁረጥ።

ከዚያ ተንሳፋፊው ጠለቅ አለ። እኔ ዝም አልኩ። «ሳቢው እንጂ!» ሳብኩት። ካያኳ አፍንጫዋን ወደ ዓሣው አዞረች። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ትንሽ ዓሣ እንኳ እናንተንም ካያኳንም ያዞራል። «ተዪው፣ ይጎትትሽ፤ እስኪደክም ጠብቂ። ራስሽ ከካያኳ አይውጣ!» ጎንበስ ብዬ ላየው አምሮኝ ነበር። አላጎነበስኩም። ሲደክም በእጅ መረቡ አነሳሁት።

ቆሮሶ ነው። ከእጄ መዳፍ ትንሽ ይበልጣል። ጎኑ ላይ ደብዘዝ ያለ ጥቁር ሰንበር አለው፤ ጅራቱ ላይ ደግሞ ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች። የጀርባውን እሾህ አቁሟል፤ በግዴለሽነት የጨበጠ ይወጋል። ከራሱ ጀምሮ ወደ ጅራቱ እጃችሁን ካሳለፋችሁ እሾሁ ይተኛል። መንጠቆውን በፒንሳ አወጣሁና መለስኩት፤ እሱ ቢተርፍ ይሻላል። ሌላ ትልልቅ ያዝን። የአክስቴ ልጅ ቢልጫ የሚባል ሌላ ዓሣ አገኘ፤ ቢልጫ ሲያዝ ከቆሮሶ ይልቅ ይታገላል።

ከውሃው ስንወጣ ቶሎ ተጠራርገን ደረቅ ልብስ ለበስን። ለማደር የምታስቡ ካላችሁ አጎበር ያዙ። እዚህ ግድብ ዙሪያ በተደረገ ጥናት፣ ውሃው ቅርብ የሆኑ መንደሮች ውስጥ ያሉ ሕፃናት ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ ይያዛሉ። አጎበር የማይረሳው የመንደሩ ሰው ነው፤ የሚረሳው ለመዝናናት የሚመጣው።

አዛውንቱ ካያኳን እስክናወጣት ጠበቁን። በአንድ እጃቸው መያዣዋን አንስተው መዘኗት።

«ሁለት ሰው ትይዛለች?»

«አንድ ነው፣ አባባ።»

«መረብስ?»

«መረብ አይበቃባትም።»

«ታዲያ ለምን ገዛሃት?»

የአክስቴ ልጅ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ዞሯት። የጀርባ መደገፊያ ያለው ወንበሯን ጫን ጫን አደረጉት። ሲመጡም ሲሄዱም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ነው የሚቀመጡት። «ወንበሩን ብቻ ሽጥልኝ» አሉት። ወንበሩ ተነቃይ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ዋጋውን በዓሣ ነው የጠሩት፤ አሥር ቆሮሶ፣ ተለቅ ተለቅ ያሉ። ከጅማ ስመለስ የአክስቴ ልጅ አሥራ አምስት ላይ ነበር፤ እሳቸው አሥር ላይ።